አንድ ካርቦን ክሬዲት ከመወለዱ እስከ መሰረዙ፦ ደረጃ በደረጃ

«ወረቀት እየሸጡ ጭስ መቀነስ እንዴት ይሆናል?» ስለ ካርቦን ክሬዲት የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ሳብሰለስለው ቆይቻለሁ። የደረስኩበት ይህ ነው፦ ክሬዲቱ በራሱ ጭስ አይቀንስም። የሚቀንሰው ከጀርባው ያለው ሥራ ነው፤ ክሬዲቱ ለዚያ ሥራ ገንዘብ ያመጣል። ሥራው እውነተኛ ከሆነ፣ ቆጠራው ካልተጋነነ፣ ገዢውም የራሱን ልቀት እየቀነሰ ከሆነ ሥርዓቱ ይጠቅማል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

ስለዚህ አንድን ክሬዲት ከመነሻው ጀምረን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ፕሮጀክት ለመጀመር ብታስቡም፣ ለድርጅታችሁ ክሬዲት ልትገዙ ብትሆኑም፣ በዜና የሰማችሁትን ለመመዘን ብትፈልጉም መንገዱ ያው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ ክሬዲት ምንድን ነው?

አንድ ክሬዲት አንድ ቶን ካርቦንዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንዳይወጣ ለመደረጉ፣ ወይም ከአየር ላይ ለመወሰዱ የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው። ጋዙ ሌላ ከሆነ በማሞቅ አቅሙ ወደ ካርቦንዳይኦክሳይድ ተመንዝሮ ይቆጠራል። አንድ ቶን ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ይህን አስቡ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ አንድ ቶን ለመሙላት ከ430 ሊትር በላይ ቤንዚን መቃጠል አለበት።

ብዙ ሰው ክሬዲትን ከልቀት ፈቃድ ጋር ያምታታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 የጀመረው ገበያ የፈቃድ ገበያ ነው። ባለሥልጣኑ የልቀት ጣሪያ ያበጃል፣ ፈቃዱን ለፋብሪካዎችና ለኃይል ማመንጫዎች ያድላል ወይም በጨረታ ይሸጣል፣ ጣሪያውን ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል። ክሬዲት እንዲህ ዓይነት ጣሪያ የለውም። የሚነሳው «ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ምን ያህል ይወጣ ነበር?» ከሚል ግምት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደፊት የምናነሳው ችግር አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ቀላል ነው። ካርቦንዳይኦክሳይድ ከየትም ይውጣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ዓለምን ያዳርሳል። አንድን ቶን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ወጪ ግን ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ታዲያ ገንዘቡ በትንሽ ወጪ ብዙ ቶን ወደሚቀንስበት ቢሄድስ? በ1997 የጸደቀውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የኪዮቶ ፕሮቶኮል ይህን ሐሳብ ይዞ የንጹሕ ልማት ሥርዓት የሚባለውን አቋቋመ። በአጭሩ ሲዲኤም ይሉታል። በዚህ ሥርዓት ከ2 ቢሊዮን በላይ ክሬዲት ወጥቷል። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ቃላትና የሥራ ቅደም ተከተሎች አብዛኞቹ ከዚያ የተወረሱ ናቸው፤ ስሕተቶቹም ጭምር።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ጋዝ ከየት እንደምትይዙ ለዩ

ጋዝ ሁሉ እኩል አያሞቅም። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን በአምስተኛው ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው፣ በ100 ዓመት ሲሰላ ሚቴን ከካርቦንዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ 265 እጥፍ ያሞቃል። ለዚህ ነው ሚቴን ላይ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች በትንሽ ጋዝ ብዙ ክሬዲት የሚያገኙት።

አንድ የቆሻሻ መጣያ እንውሰድ። ከታች የተቀበረው የምግብ ትራፊና ወረቀት አየር ሳያገኝ ይበሰብሳል። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ግማሹ ገደማ ሚቴን ነው። ሠራተኞቹ ክምሩን ቆፍረው የተበሳሳ ቱቦ ይቀብራሉ፤ ጋዙን በማሽን ስበው ወደ ማቃጠያ ይወስዱታል። እዚያ ሲቃጠል ሚቴኑ ካርቦንዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል። «ታዲያ ካርቦንዳይኦክሳይድ ወጣ አይደል?» ትሉ ይሆናል። ወጥቷል። ነገር ግን ያ ካርቦን ተክሎች በቅርቡ ከአየር ላይ የወሰዱት ስለሆነ እንደ አዲስ ልቀት አይቆጠርም። ጎጂው ነገር ሚቴን ሆኖ መውጣቱ ነበር።

አሁን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። በአንድ ዓመት 1,000 ቶን ሚቴን ተያዘ እንበል። ማቃጠያው 98 በመቶውን ያቃጥላል፤ 980 ቶን ተቃጠለ ማለት ነው። ጋዙ ባይያዝ ኖሮ አንድ አስረኛው በክምሩ ላይ በለበሰው አፈር ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ይበላ ነበር፤ ያንን ስንቀንስ 882 ቶን። በ28 ሲባዛ 24,696 ቶን ካርቦንዳይኦክሳይድ ይሆናል። ጋዙን የሚስበው ማሽን የተጠቀመው ኤሌክትሪክ 196 ቶን አስወጥቷል እንበል። የሚቀረው 24,500 ክሬዲት ነው።

ስሌቱ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያደርገውን አስተውሉ። ይቀንሳል። ደህና የተሠራ ስሌት ምልክቱ ይህ ነው። ማሽኖቹ ላይም ሕጉ ያው ነው። የጋዝ ፍሰት መለኪያ አለ፣ የሚቴን መጠን መመርመሪያ አለ፣ በማቃጠያው ውስጥ ቴርሞሜትር አለ። ሌሊት እሳቱ ለሁለት ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ቴርሞሜትሩ ያሳብቃል። ያ ሁለት ሰዓት ዜሮ ይቆጠራል።

ደረጃ 2፦ «ባይኖርስ ኖሮ?» ብላችሁ ጠይቁ

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉና ይህንን አንብቡ።

እያንዳንዱ ክሬዲት የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ነው። አንዱ ፕሮጀክቱ እያለ የወጣው ልቀት ነው፤ ይህ ይለካል። ሌላው ፕሮጀክቱ ባይኖር ይወጣ የነበረው ነው፤ ይህ መነሻ ይባላል። መነሻውን ማንም ሊለካው አይችልም፣ ምክንያቱም አልሆነም። ይገመታል እንጂ። ግምቱን ከፍ ያደረገ ምንም ሳይሠራ ብዙ ክሬዲት ያገኛል። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከመነሻው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ተጨማሪነት ይሉታል። ሥራው የክሬዲቱ ገንዘብ ባይኖርም ይሠራ ነበር ወይ? ይሠራ ከነበረ ክሬዲቱ ምንም አልጨመረም። የቆሻሻ መጣያው ማቃጠያ ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋል። ጋዝን ዝም ብሎ ማቃጠል ገቢ የለውም። ሕግ ካላስገደደ በቀር ማንም ገንዘቡን እዚያ አያፈስም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የአገሩ ሕግ ነው፤ ሕጉ ካስገደደ ክሬዲት የለም።

የፀሐይና የነፋስ ኃይልስ? ከ20 ዓመት በፊት ውድ ነበሩና የክሬዲት ገንዘብ ለውጥ ያመጣ ነበር። ዛሬ ረክሰዋል። በብዙ ቦታ ኤሌክትሪኩ ተሸጦ ብቻ ያዋጣል። በፈቃደኝነት ገበያው ላይ፣ ማለትም ድርጅቶች ሕግ ሳያስገድዳቸው ክሬዲት በሚገዙበት ገበያ፣ የጥራት መስፈርት የሚያወጣው የገበያው ታማኝነት ምክር ቤት በነሐሴ 2024 ነባሮቹ የታዳሽ ኃይል የስሌት ዘዴዎች መስፈርቱን አያሟሉም ብሎ የወሰነው ለዚህ ነው። ውሳኔው በገበያው ከነበሩት ክሬዲቶች ሲሶ የሚጠጋውን ነካ። የነፋስ ኃይል መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ያለ ክሬዲቱም ይተከል ስለነበር ነው።

መነሻ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ለማየት የኤችኤፍሲ-23 ታሪክ ይበቃል። ይህ ጋዝ ለማቀዝቀዣ የሚሆን ሌላ ጋዝ ሲመረት አብሮ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። በሲዲኤም ስሌት አንድ ቶኑ እንደ 11,700 ቶን ካርቦንዳይኦክሳይድ ይቆጠር ነበር። እሱን ማቃጠል ርካሽ ነው። ውጤቱን መገመት አያቅትም። ከማቃጠሉ የሚገኘው ክሬዲት ከዋናው ምርት የበለጠ ገንዘብ ያመጣ ጀመር። የሚቃጠል ጋዝ እንዲበዛ ሲሉ ምርታቸውን ከፍ ያደረጉ ፋብሪካዎች አሉ የሚል ብርቱ ክርክር ተነሳ። የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን ክሬዲቶች ከ2013 ጀምሮ ከገበያው አስወጣ። ልቀት ለመቀነስ የተሠራ ሥርዓት ልቀት ማምረትን አትራፊ ማድረጉ ያሳዝናል። ግን ትምህርቱ ተወስዷል፤ ዛሬ የስሌት ዘዴ የሚጽፉ ሰዎች «ይህ ክፍያ ማንን ምን እንዲያደርግ ይገፋፋል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ደንን ከጭፍጨፋ ለማዳን የሚሠሩ ፕሮጀክቶችም ችግራቸው ከዚሁ ነው። አልሚው፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የሚሠራው ድርጅት፣ «ባልደርስ ኖሮ ይህን ያህል ሄክታር ይመነጠር ነበር» ይላል። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በስድስት አገሮች ያሉ 26 ፕሮጀክቶችን ከሚመስሏቸው ግን ጥበቃ ካልነበራቸው ደኖች ጋር አነጻጸረ። አብዛኞቹ ጭፍጨፋውን በጉልህ አልቀነሱም። አንዳንዶቹ ግን ቀንሰዋል፤ ያም ቢሆን ክሬዲት ከጠየቁበት መጠን በታች ነበር። ክሬዲት መዝግበው ከሚያወጡት ድርጅቶች ትልቁ ቬራ በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ ዘዴ አወጣ። በአዲሱ ዘዴ አልሚው የራሱን መነሻ እንደፈለገ አይመርጥም፤ የጭፍጨፋው ስጋት በሰፊ አካባቢ ደረጃ ተሰልቶ ይሰጠዋል።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሰነድ በእጃችሁ ሲገባ ቀጥታ ወደ መነሻው ምዕራፍ ሂዱ። ግምቱን ማን አወጣው? ከየትኛው ዓመት መረጃ? ሌላ ሰው በዚያው መረጃ ቢያሰላ እዚያው ይደርሳል?

ደረጃ 3፦ ዘዴውን ምረጡ፣ ሰነዱን ጻፉ

ይህ አድካሚ ነው እንጂ ውስብስብ አይደለም። እንደ ቬራና ጎልድ ስታንዳርድ ያሉ ድርጅቶች ለየሥራው ዓይነት የጸደቁ የስሌት ዘዴዎች አሏቸው። ለሥራችሁ የሚስማማውን ትመርጣላችሁ፣ የፕሮጀክት ሰነድ ትጽፋላችሁ፣ የአካባቢውን ሰው ታማክራላችሁ፣ ሰነዱን ለሕዝብ አስተያየት ታቀርባላችሁ። ከዚያ ገለልተኛ መርማሪ ድርጅት ይመረምረዋል፤ ካለፈ ፕሮጀክቱ ይመዘገባል።

ምክክሩን ለይስሙላ አታድርጉት። መሬቱን የሚያርሱት፣ ደኑን የሚጠብቁት፣ ምድጃውን የሚጠቀሙት ሰዎች ናቸው ሥራውን የሚያዘልቁት። ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈል መጀመሪያውኑ በሚገባቸው ቋንቋ ይጻፍ። ይህ ያልተደረገበት ፕሮጀክት ስሌቱ ቢያምርም ብዙ አይቆይም።

ክሬዲት የሚሰጥበት ዘመን ገደብ አለው። በሲዲኤም አልሚው ወይ የማይታደስ 10 ዓመት፣ ወይ ሁለት ጊዜ የሚታደስ 7 ዓመት ይመርጥ ነበር። በፓሪስ ስምምነት ሥር ባለው አዲሱ ሥርዓት የሚታደሰው ወደ 5 ዓመት አጥሯል። ማጠሩ መልካም ነው። በታደሰ ቁጥር መነሻው እንደገና ይታያል፤ ትናንት ብርቅ የነበረ ቴክኖሎጂ ዛሬ ተራ ሆኖ ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 4፦ ለኩ፣ ያለ ማሳመር

የቆሻሻ መጣያው ዕድለኛ ነው፤ ሁሉም ጋዝ በአንድ ቱቦ ያልፋል። እንጨት ቆጣቢ ምድጃ የሚያከፋፍል ፕሮጀክት ግን በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ማድቤቶች የሚሆነውን ማወቅ አለበት።

እንዴት? በናሙና ነው። ለኪው ጠዋት ቤት ይገባል። የተከመረውን ማገዶ በሚዛን ይመዝናል፣ እርጥበቱን ይለካል፣ ስንት ሰው እንደሚመገብ ይመዘግባል። በማግስቱ ተመልሶ የተረፈውን ይመዝናል። ለተከታታይ ቀናት እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ በድሮው ምድጃ የሚፈጀውን ከአዲሱ ጋር ያነጻጽራል።

ወጥመድ የሆነው ጥያቄው ነው። «አዲሱን ምድጃ ትጠቀሚያለሽ?» ተብላ የተጠየቀች እናት ምድጃውን የሰጣትን ሰው ማሳፈር አትፈልግም። «አዎ፣ ሁልጊዜ» ትላለች። ከጓሮ ግን የድሮው ሦስት ጉልቻ ገና ይጨሳል፤ ትልቁ ድስት አዲሱ ላይ አይቀመጥማ። ስለዚህ ጥሩ ፕሮጀክት በቃል አይተማመንም። ምድጃው ላይ ትንሽ የሙቀት መመዝገቢያ ይለጥፋል፤ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደነደደ መሣሪያው ራሱ ይናገራል። የድሮውንም አብሮ ይቆጥራል።

ሌላም አለ። ከተቆጠበው እንጨት ውስጥ ክሬዲት የሚገባው መልሶ በማይበቅል ፍጥነት የሚቆረጠው ብቻ ነው። እየተቆረጠ እኩል የሚያቆጠቁጥ ከሆነ ዛፉ ካርቦኑን መልሶ ይወስደዋል። ይህች አንዲት ቁጥር ከተጋነነች ሁሉም ነገር ይጋነናል። በ2024 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች በአማካይ ከሚገባቸው ከ9 እጥፍ በላይ ክሬዲት እንደተሰጣቸው አሳየ። የሚያስቆጨኝ ምድጃዎቹ በእርግጥ ጠቃሚ መሆናቸው ነው። ጭስ ከሳንባ ያርቃሉ፣ ጊዜ ይቆጥባሉ። ያንኑ ጥናት የሠሩት ሰዎችም ነዳጁን በቀጥታ የሚለኩ ዘዴዎች ለእውነት በጣም እንደሚቀርቡ አግኝተዋል። መፍትሔው አለ፤ መለካት ነው።

ደረጃ 5፦ ልቀቱ ሸሽቶ እንዳይሆን፣ ካርቦኑም ተመልሶ እንዳይወጣ

አንድ ደን ታጠረ። ቆራጮቹ ግን መጥረቢያቸውን ይዘው ወደ ቀጣዩ ኮረብታ ሄዱ። እዚህ የዳነው እዚያ ጠፋ። ስለዚህ ቆጠራው ከአጥሩ ውጭ ያለውንም ማየትና የሸሸውን መቀነስ አለበት። ደኑ ለምን ይቆረጥ እንደነበር ሳይታወቅ ይህን ማስላት አይቻልም፤ ለማገዶ ከሆነ ሌላ ማገዶ፣ ለእርሻ ከሆነ ባለው መሬት ላይ ምርት የሚጨምር መላ ያስፈልጋል።

የዕድሜው ጉዳይ ደግሞ አለ። የተቃጠለ ሚቴን ተመልሶ አይመጣም። ዛፍ ግን ሊቃጠል፣ ሊቆረጥ፣ በበሽታ ሊሞት ይችላል። ለዚህ የመጠባበቂያ ቋት ተዘጋጅቷል። እያንዳንዱ የደን ፕሮጀክት ከሚያገኘው ክሬዲት የተወሰነውን ሳይሸጥ ወደ ጋራ ቋቱ ያስገባል፤ አንዱ ደን ሲቃጠል ከዚያ ይሰረዛል። ልክ እንደ ዕድር ነው። ችግሩ መዋጮው ሲያንስ ነው። በ2022 የታተመ ጥናት በካሊፎርኒያ ሥርዓት ለ100 ዓመት የእሳት አደጋ ተብሎ የተቀመጠውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የነደዱ እሳቶች እንደጨረሱት አሳየ። ምድር በሞቀች ቁጥር እሳቱም ይበዛል፤ መዋጮው ይህን አስቦ መተመን አለበት።

ካርቦንን ድንጋይ የማድረግ ሥራም ተጀምሯል። አይስላንድ ውስጥ ካርቦንዳይኦክሳይድን በውሃ አሟምተው ወደ ባዛልት አለት ያስገቡታል። በሙከራው ከተጨመረው አብዛኛው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ወደ ማዕድንነት ተለወጠ። ውድ ነው፤ ግን እሳት አይበላውም።

ደረጃ 6፦ ማረጋገጥና ማውጣት

የልኬቱ ዘመን ሲያበቃ ልኬቱን የሚመረምር ገለልተኛ አረጋጋጭ ይመጣል። መዝገብ ያገላብጣል፣ ቦታው ድረስ ሄዶ መሣሪያዎቹ መቼ እንደተስተካከሉ ያያል፣ ናሙና ራሱ ይወስዳል። ከዚያ መዝገብ ያዡ ድርጅት ክሬዲቱን ያወጣል። እያንዳንዱ ቶን የራሱ መለያ ቁጥርና ልቀቱ የቀነሰበት ዓመት ይሰጠዋል።

እዚህ አንድ ደካማ ቦታ አለ። አረጋጋጩን የሚቀጥረውና የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ አልሚው ራሱ ነው። ሙያተኞቹ ሐቀኛ ቢሆኑም እንኳ ይህ አሠራር ቢቀየር እመርጣለሁ። እስከዚያው ድረስ ጥሬ መረጃውን ለሕዝብ ይፋ የሚያደርጉ ፕሮጀክቶችን አስቀድሙ።

ደረጃ 7፦ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር

በኪዮቶ ዘመን ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም ነበር። ክሬዲት የሚሸጡት ታዳጊ አገሮች የልቀት ቅነሳ ግዴታ አልነበረባቸውም። በ2015 የጸደቀው የፓሪስ ስምምነት ግን ሁሉም አገር የራሱን ግብ እንዲያስቀምጥ አደረገ። አሁን ሻጩ አገር «ልቀቴን ቀነስኩ» ሲል ገዢውም ያንኑ ቶን ይዞ «ቀነስኩ» ካለ፣ አየሩ ላይ የቀነሰው አንድ ሆኖ ወረቀት ላይ ሁለት ይሆናል።

የስምምነቱ አንቀጽ 6 መላ አበጀለት። ክሬዲቱ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ሻጩ አገር ያንን መጠን በራሱ የልቀት ሒሳብ ላይ መልሶ ይደምራል፤ ገዢው ይቀንሳል። የአፈጻጸም ደንቦቹ በ2021 ግላስጎው ላይ ጸድቀው፣ የቀሩት ዋና ዋና ጉዳዮች በ2024 ባኩ ላይ ተቋጩ። በአንቀጹ ሥር ባለው ማዕከላዊ ሥርዓት ከሚወጣው ክሬዲት 5 በመቶው የአየር ንብረት ለውጥን መቋቋም ለሚያስፈልጋቸው አገሮች ፈንድ ይሄዳል። 2 በመቶው ደግሞ ማንም ሳይጠቀምበት ይሰረዛል።

ይህች 2 በመቶ ትንሽ ብትመስልም ትርጉሟ ትልቅ ነው። ክሬዲት ገዝቶ በዚያው ልክ የሚያስወጣ ሰው ልቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ አዛወረ እንጂ በድምሩ አልቀነሰም። ድምሩ የሚወርደው የተወሰነው ሲሰረዝ፣ መነሻው ዝቅ ተደርጎ ሲሰላ፣ ወይም ገዢው ክሬዲቱን ከቅነሳው በላይ ሲጨምረው ነው።

ደረጃ 8፦ ገዢ ከሆናችሁ

መጀመሪያ የራሳችሁን ቁጠሩ። ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጉዞ፣ የምትገዙት ዕቃ። ከዚያ ቀንሱ። የኩባንያዎችን ዕቅድ የሚመዝነው የሳይንስ ተኮር ግቦች ኢኒሼቲቭ ለአብዛኞቹ ኩባንያዎች ልቀታቸውን ቢያንስ 90 በመቶ ሳይቀንሱ ዜሮ ደረስን እንዳይሉ ይጠይቃል፤ ከአየር ላይ የተወሰደ ካርቦን የሚገዛው ለቀሪው ነው። አንዳንድ ሥራ ደግሞ ቶሎ የሚቀነስ አይደለም። ለዓለም አቀፍ በረራ ከ2024 ጀምሮ የተቀመጠው ገደብ የ2019 ልቀት 85 በመቶ ነው፤ በዘርፉ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገቡ አየር መንገዶች ከዚያ በላይ ላለው እድገት ክሬዲት ይገዛሉ።

ዋጋ ስታወዳድሩ በጣም የረከሰውን ፍሩት። መለካት፣ ማረጋገጥ፣ ለአካባቢው ሰው ድርሻ መክፈል ወጪ አለው። ያ ሁሉ ተከፍሎ በሳንቲም የሚሸጥ ቶን ካለ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና መነሻውን እንደገና አንብቡት።

ከገዛችሁ በኋላ ሥራው አላለቀም። ክሬዲቱ በስማችሁ መሰረዝ አለበት፤ ማለትም ተመልሶ እንዳይሸጥ በመዝገቡ ላይ ይዘጋል። መዝገቦቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ድረ ገጹን ክፈቱ፣ መለያ ቁጥሩን አስገቡ። ፕሮጀክቱ፣ ዓመቱ፣ የተሰረዘበት ቀንና የተሰረዘለት ድርጅት ስም ይወጣል። ሻጩ የላከላችሁ ያማረ የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ መዝገቡ ላይ ግን መሰረዙ ካልተጻፈ ያ ቶን ገና ገበያ ላይ ነው።